አካሉ ጣልያንኛ፣ ሕመሙ አማርኛ

ጋራዥ ገብቶ የመኪናውን ሕመም ለመካኒክ የሚያስረዳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አንድ ቀን ቆም ብላችሁ እዩ። ከረባት ያሰረ፣ ቢሮው ውስጥ ድምፁ እንኳ የማይሰማ የተከበረ ሰውዬ፣ ግራሶ የጠጣ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ "ዝዝዝዝ ይላል፤ ሳጥፍ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ይላል። ከጎኑ ተራ የምትጠብቀው ሴትዮ ትቀበላለች፤ "የእኔ እንኳን ጉድጓድ ሲገባ ጓ! ነው የሚለው። ሲወጣ ግን ሲጥ ብሎ ዝም ይላል።" ሦስተኛው የሚኒባስ ሾፌር ነው። ቃል አላገኘለትም፤ ጥርሱን አፋጭቶ ያሳያል። መካኒኩ አይስቅም። በሽተኛ "እዚህ ጋ ይወጋኛል" ሲል ሐኪም እንደማይስቅ ሁሉ፣ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ድምፅ አስመሳይ ቃላት የምንላቸውን ለተማሪ ሳስረዳ ዝናብና ነጎድጓድ፣ ወፍና ፈረስ እጠቅስ ነበር፤ መጻሕፍቱም የሚጠቅሱት እነሱን ነው። አማርኛ ግን በዚህ በኩል ሀብቱን አከማችቶ የያዘው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሲጥ ሲጥ ማለት፣ ቋ ማለት፣ ጓ ጓ ማለት፣ ቀጭ ቀጭ ማለት፣ ማፏጨት፣ ማፋጨት፣ ማቃሰት... እያንዳንዱ የተለየ በሽታ ነው። ሲጥ ያለው ምናልባት ግራሶ ብቻ ይፈልግ ይሆናል፤ ቋ ያለው ዕቃ ይፈልጋል፤ ያፋጨው ደግሞ ነገ አይደርስም፣ ዛሬውኑ ይፈታ። "ይጮሃል" ብቻ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ፣ "አመመኝ" ብቻ ብሎ አልጋ ላይ እንደሚወጣ በሽተኛ ነው።

እስቲ አሁን ደግሞ መካኒኩ ሲመልስ ስሙት። "ኩሽኔታው ነው።" "ቴስቲኒው አልቋል።" "ጎሚኒው ተበልቷል።" "ባሌስትራው ተሰብሯል።" "ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ይሂድ።" ይኼ ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ፍሬን ጣልያንኛ ነው፤ ጎማም፣ ሞላም፣ ቸርኬም፣ ስኮርታም፣ ቡሎንና ዳዶም፣ ክሪክና ካቻቢቴም። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ጣልያንኛ ነው። እንግዲህ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ፊት ለፊት ቆሞ ይነጋገራል ማለት ነው፤ ባለመኪናው ሕመሙን በአማርኛ ይናገራል፣ መካኒኩ የታመመውን አካል በጣልያንኛ ይጠራል። አካሉን ሌሎች ሰየሙልን። ሕመሙን የሚሰይምልን አልነበረምና በራሳችን ጆሮ ሰምተን በራሳችን አፍ አወጣነው።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ታሪኩ ረዘም ይላል።

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሣ፤ በረሃውንም ዳገቱንም አቋርጦ አጤ ምኒልክ ፊት አደረሳት። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛዋን አመጣ። የጅቡቲው ባቡር ያን ጊዜ ገና ድሬዳዋ ላይ ነው። ከተማዋ ከዚያ በፊት የምታውቀው በራሱ የሚሄድ ብረት፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ ነበር፤ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎት ቀረ። አያችሁ፣ ያኔ ማንኛውም የሚያጓራ ብረት ባቡር ነበር። ጣልያን ገና አልመጣም፤ "መኪና"ም ገና ቦታውን አልያዘም።

ያን ጊዜ የፍሬን ጩኸት ለሠሪዎቹም ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ የበርሚንግሃም መሐንዲስ ዛሬ በመኪናችን ፊት እግር ላይ የምናየውን የዲስክ ፍሬን ፓተንት አወጣበት። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሰሐን፣ ከግራና ከቀኝ ጨምቆ የሚይዘው ነገር። ችግሩ የሚጨምቀው ነገር መዳብ መሆኑ ነበር። መዳብ ከብረት ሲፋተግ የሚወጣውን ድምፅ መገመት አያቅትም። እ.ኤ.አ. በ1907፣ ቤንትሌይ ከመኪናው ጋር ወደ እኛ አገር ሲጓዝ በነበረበት ዓመት ማለት ነው፣ ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ መዳቡን በአስቤስቶስ ሸፈነውና ጩኸቱ ጸጥ አለ። ሰውዬው ሐሳቡ የመጣለት ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ እንዲይዝላቸው የእንጨት ፍሬናቸው ላይ አሮጌ ጫማ ሲቸነክሩ አይቶ ነው ይባላል። "ፌሮዶ" የሚለው የፍሬን ዕቃ ስም ከስሙ የተገኘ ነው።

ፍሩድ መጀመሪያ የሠራቸው ከድርና ማግ የተሸመኑ ነበሩ፤ ጨርቅ ናቸው ማለት ይቻላል። እኛ እስካሁን "የፍሬን ሸራ" የምንለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የዛሬው ፍሬን ጨርቅ የሚባል ነገር የለውም፤ ተጨምቆ የተጋገረ ቅይጥ ነው። ቃሉ ግን ከዕቃው በኋላ ይኖራል። የቋንቋ ነገር ሲሆን እኔ መካኒኮችን ከመዝገበ ቃላት እኩል አምናቸዋለሁ።

ያ ጸጥታ ግን በነፃ አልመጣም። አስቤስቶስ ሲፈጭ የሚወጣው ቅንጣት ሳንባ ገብቶ ይቀመጣል፤ በሽታው የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሙሉ እስከ 2005 ድረስ ከለከሉት። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ካለው ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሳይ፣ ታምቡሩ ሲከፈት ውስጡ የተጠራቀመው ግራጫ አቧራ በኮምፕሬሰር ፉፉፉ ተደርጎ ይነፋ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን እንኳ አይሸፍኑም፤ አቧራው ሲበተን ይስቃሉ። ከእነሱ መካከል ስንቱ በኋላ "ሳል አለበት" እየተባለ እንዳለፈ የመዘገበ የለም።

ወደ ጣልያኖቹ እንመለስ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት አምስት ዓመት በወረራቸው ያደረሱት ግፍ እንዳለ ሆኖ፣ ጦራቸውንና ስንቃቸውን የሚያመላልሱበት መንገድ ቆርጠው ነበር፤ ታርማበርን በሱት፣ ሊማሊሞን ጠመዘዙት፣ ወደ አሰብ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ጎንደር ዘረጉ። በዚያ መንገድ ላይ የሚጓዘው ፊያትና ላንቻ ነው። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን ካሚዮን የዛሬ ወጣት አያውቀውም፤ አባቱን ይጠይቅ። ጦሩ ሲሸነፍ መካኒኩ ሁሉ አብሮ አልሄደም። የቀሩት ጣልያኖች ጋራዥ ከፈቱ፤ ልጆቻችን ቡሎን አቀባይ ሆነው ገቡ። "ዳዶ አምጣ" ሲባል ዳዶ ያመጣ፣ ቡሎን ያመጣ ደግሞ ኩርኩም የቀመሰ ልጅ፣ ቃሉን መቼም አይረሳውም። ጣልያንኛን በጥቁር ሰሌዳ የተማረው ጥቂት ነው፤ በጭንቅላቱ የተማረው ብዙ ነው።

ጆሮውን ግን ያስተማረው መንገዱ ነው። ከታርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ የሚወስደውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። በአባይ በረሃው ከሺህ ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምትወርደው። እዚያ ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ታምቡር ይሰፋል፤ ሸራው ይለሰልሳል፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። ስለዚህ የድሮ ሾፌሮች በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጓሩ ይወርዱ ነበር። ረዳቱ እላይ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ታኮ ይጠብቃል፤ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ይሰካታል። ሾፌሩ ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ ይሰማል። በዚያ ዘመን ቁልቁለት ላይ የሚዘፍን ሾፌር አልነበረም ይላሉ የቀድሞዎቹ። "ፍሬን በጠሰ" የሚለው አነጋገር የተወለደው እንዲህ ካለው ቦታ መሆን አለበት፤ ኋላ ላይ ወደ ከተማ ገብቶ ምላሱን ለማይገታ ሰው፣ ገንዘቡን ለማይቆጥር ሀብታም መጠሪያ ሆነ።

ሰይቼንቶ መጣች። ፊያት እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1969 የሠራት ባለ ኋላ ሞተሯ ትንሽ መኪና፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ያመላለሰች ታክሲ። ፊቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ አንድ ባሌስትራ፣ ኋላዋ ላይ ሞላ፣ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር። አምስት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ባሌስትራዋ የሚያሰማው ሲጥሲጥታ የዘመኑ ሙዚቃ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ መኪናውም ዞረ። ላዳ ገባች። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ቀልዷል። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው በ1970 ማምረት የጀመሯት ላዳ፣ ሥሯ ሲገለጥ ፊያት 124 ናት። እግሯን ለራሳቸው መንገድ አጠናከሩት፤ ኋላዋ ላይ የነበረውን ዲስክ ፍሬን አንሥተው ታምቡር አደረጉላት። የቀረው የቱሪን ልጅ ነው። ስለዚህ የእኛ መካኒክ በሰይቼንቶ ላይ የለመደውን ቃል አንድም ሳይቀይር ላዳ ሥር ተኛ። ርዕዮተ ዓለሙ ሲገለበጥ ኩሽኔታው ኩሽኔታ እንደሆነ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቶዮታ ነው። ስሙን ግን ሕዝቡ በገባው መንገድ ያወጣል። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበትን "ውይይት" አለው። ላሜራው እዚሁ ተቀጥቅጦ የተሠራውን አውቶቡስ "ቅጥቅጥ" አለው፤ ስሙ ለሠሪው ይሁን ለተሳፋሪው አጥንት ግልጽ አይደለም። በሌሊት የሚከንፈውን የጭነት አይሱዙ ደግሞ "አልቃይዳ" ብሎ ጠራው። ይኼኛው ቀልድ ይመስላል፤ ቀልዱን ያወጡት ግን መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ከተክለ ሃይማኖት ወዲያ ማዶ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። በልጅነታቸው ከጣልያን ጋራዥ ከገቡት መጨረሻዎቹ ናቸው። እኔን "መምህር" ይሉኛል፤ እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ። አሮጌዋ ኮሮላዬ ዝዝ ማለት የጀመረች ጊዜ ወሰድኳቸው። ኮፈኑን አልከፈቱም። ጥያቄ ነው የጀመሩት።

"ስንት ላይ ይጀምርዎታል?"

"ከአርባ በላይ።"

"ማርሹን ነፃ አድርገው ሲለቁትስ?"

"ያው ነው።"

"እንግዲያ ሞተሩን እንተወው። አስፋልቱ ሲለሰልስ ይቀንሳል?"

አይቀንስም አልኳቸው። "ቢቀንስ ጎማው ነበር" አሉ። "ጎማ እንደ መንገዱ ነው ድምፁን የሚለዋውጠው። ኩሽኔታ ግን መንገድ አያውቅም፤ ፍጥነት ብቻ ነው የሚያውቀው። ይንዱ እስቲ።"

ጎኔ ተቀመጡ። ራዲዮውን ዘጉት። ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልላቸው አፌን ስከፍት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ተማሪ ዝም ሳሰኝ ለኖርኩት ሰው ይኼ አዲስ ነው። አንድ ረጅም ግንብ አጥር ስንደርስ "ጠጋ ይበሉ፣ መስኮቱን ይክፈቱ" አሉ። ግንቡ የጎማውን ድምፅ መልሶ ይሰጣል። ከዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ወሰዱኝና ቀስ እያልኩ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እንድጠመዝዝ አደረጉ። ወደ ቀኝ ሲሆን ዝዝታው ጨመረ። "የግራው ነው" አሉ ወዲያው። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ የሚጫነው የግራ ጎማ ላይ ነዋ። የታመመ እግር ሸክም ሲበዛበት ይጮኻል።

ጋራዥ ተመልሰን በክሪክ ሲነሣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ ቀጥለው ከግራና ከቀኝ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ከላይና ከታች ያለው ውዝዋዜ ኩሽኔታንና ቦልጆይንትን ያስጠረጥራል፣ የግራና ቀኙ ቴስቲኒን። መጨረሻ ላይ አንድ እጃቸውን ሞላው ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን አሽከረከሩት። "ይንኩት" አሉኝ። ነካሁት። ሞላው ውስጥ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ያለ ትንሽ ነገር መዳፌ ላይ ተንቀጠቀጠ። ጆሮ የሰማውን እጅ አረጋገጠው።

ሐኪሞች ይኼን መንገድ ያገኙት ብዙ ደክመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 ሊዮፖልድ አውንብሩገር የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም የበሽተኛን ደረት በጣት እያንኳኩ ውስጡን ማወቅ ይቻላል ብሎ ጻፈ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ በርሜል ምን ያህል ወይን እንደቀረው በማንኳኳት ነበር የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1816 ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የበሽተኛው ደረት ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ዛሬ ሐኪም አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መሣሪያ የዚያ ወረቀት ልጅ ነው። በአውሮፓ የባቡር ጣቢያዎች ደግሞ ረጅም መዶሻ ይዞ ጎማ እየመታ የሚዞር ሠራተኛ ነበር፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ጋሼ ሞተር ሲመረምሩ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር ያደርጋሉ። ላኔክ የሚባል ሰው ሰምተው አያውቁም፤ ስነግራቸው "ወረቀት ብረት ላይ አይሠራም" ብለው አለፉት።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚሰሙ ሰዎች ነው። የሚበዛው ግን የማይሰማው ነው፤ ይበልጥ ትክክል ለመሆን፣ ሰምቶ ቴፑን ከፍ የሚያደርገው።

አንዳንዱ የፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው አልቆ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሷ ዲስኩን ትነካና ሲጥጥጥ ትላለች። ብልሽት አይምሰላችሁ፤ መሐንዲሱ ሆን ብሎ የሠራው ጩኸት ነው፣ ስንገዛው ዋጋውን የከፈልንበት። ከእሷ በኋላ ጥቂት ሳምንት ጊዜ አለ። ከዚያ ጩኸቱ ይቆምና ማፋጨት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሸራ የሚባል ነገር የለም፤ ብረት ለብረት ነው። እኛ ዘንድ ምላሷን "ትረብሻለች" ብሎ ቆርጦ የሚያስጥል አለ።

አንድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ሾፌሩ ፍሬን በነካ ቁጥር ከፊት በኩል ያፋጫል። ሁላችንም እንሰማለን፤ ሁላችንም በመስኮት ወደ ውጭ እናያለን። ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት ግን ዝም አላሉም።

"የኔ ልጅ፣ ይኼ ፍሬንህ እያፋጨ ነው።"

ረዳቱ ነው የመለሰላቸው፤ "እማማ አይስጉ፣ ሸራ ነው።"

"እኮ ሸራ ነዋ! ሸራው አልቋል።"

ሾፌሩ መስታወቱ ውስጥ አያቸውና ቴፑን ከፍ አደረገው። እናትየው "ወራጅ አለ" አሉ። ሒሳባቸውን ሰጥተው፣ ተጨማሪ ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ሌላው ተሳፋሪ ሰዓት ሰዓቱን አየ።

በእግር አብረን ስንወርድ "እማማ፣ የመኪና ነገር ያውቃሉ መሰል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ባለቤቴ ከባድ ነበር የሚነዳ። ኤን ትሬ። የአሰብ መንገድ ላይ ነው የቀረው" አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ጨመሩ፤ "ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ሲያወራ ስለ ፍሬን ነበር። እኔ ደግሞ ይሰለቸኝ ነበር።"

ከዚህ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

ሾፌሩን ክፉ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ብዙዎቹ ሚኒባሱ የራሳቸው አይደለም፤ በቀን የተቆረጠ ገቢ ለባለቤቱ ያስገባሉ። መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀን ገቢው ከኪሳቸው ይወጣል። ባለቤቱ ጩኸቱን አይሰማም፤ እሱ የሚሰማው ስልክ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ቦሎ ይመጣል (ይኼም ቃል ጣልያንኛ ነው)፤ በቦሎ ሰሞን ጥሩ ጎማ ከጓደኛ የሚዋስ ባለመኪና እንዳለ ከተማው ሁሉ ያወራል። ጆሮ ያለው ሾፌር ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣን ያለው ባለቤት መኪናው ውስጥ አይቀመጥም፤ ተቀምጦ የሚሰማው ተሳፋሪ ደግሞ ከተናገረ "ከፈለግክ ውረድ" ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም መንገዶች ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ጽፏል። ስንቱ ከመሞቱ በፊት አንድ ጩኸት ሰምቶ እንደነበር ቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ገንዘቡንም ካነሣን፣ ሸራ በጊዜው የቀየረ ሰው የሸራ ዋጋ ይከፍላል። ያዘገየ ሰው ዲስኩን ይጨምራል፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዲስክ ሲፈልግ ይውላል። ቴፑን ከፍ ማድረግ እጅግ ውድ ጥገና ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለና ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና መሞላት ጀመረ። ሞተሩ ዝም ያለ መኪና ነው። አውሮፓውያን እግረኛ ሳይሰማው እንዳይገጨው ብለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ አስገድደዋል። መቶ ዓመት ሙሉ ድምፅ ለማጥፋት ሲሠራ ኖሮ፣ አሁን ድምፅ ይገጠምለት ተባለ።

ሞተሩ ዝም ሲል ግን እግሩ ይሰማል። ድሮ በሞተሩ ጩኸት የተሸፈነው ሲጥታና ቋታ ሁሉ አሁን ጥርት ብሎ ይመጣል። ባትሪው ከባድ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነዚያው ጎሚኒና ቦልጆይንት ናቸው፣ በዚያው ጉድጓድ ላይ። ፍሬኑ ደግሞ በተቃራኒው ሥራ ፈቷል፤ መኪናው ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ፣ ዲስኩ ሳይነካ ውሎ ያድርና ይዝጋል። ጠዋት ሲነሣ ያንቋርራል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ይታይ።

ባለፈው ወር ጋሼ ዘንድ አንዲት ወጣት እንዲህ ያለ አዲስ መኪና ይዛ መጥታ አገኘኋት። "ምንም ድምፅ የላትም፤ ጉብታ ላይ ግን ቋ ትላለች" አለቻቸው። ጋራዡ ውስጥ አሁን አንድ ወጣት ሠልጣኝ አለ፤ ታብሌት የመሰለች መመርመሪያ ይዞ መኪናዋ ላይ ሰካና ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም። ንጹሕ ነው።"

"ጎሚኒ ኮምፒውተር አለው እንዴ?" አሉት። "መመርመሪያህን አስቀምጥና መስኮቱን ከፍተህ ጉብታው ላይ ንዳት። ከፊት ነው ከኋላ፣ ስትወጣ ነው ስትወርድ፣ ያንን ሰምተህ ና።"

ልጁ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ መኪናዋ ጉብታው ላይ እስክትደርስ ይጠብቃሉ።